ምን አለሽ? ከየት አመጣሽ?

አያቴ ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አላቸው። በግብርና ሠራተኝነታቸው ዘመን ገጠር ለገጠር የዞሩበት ነው፤ ጡረታ ሲወጡ በጨረታ ገዝተው አስቀሩት። የጎን መቆሚያው ተሰብሮ ከጠፋ ዓመታት ስላለፉ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ መሬቱን ሲያላላው ተንሸራቶ ታናሽ እህቴ እግር ላይ ወደቀ። መቶ ኪሎ ገደማ ብረት ነው፤ ሁለት ጣቷን ሰበራት። አያቴ «እኔ ነኝ የሰበርኳት» ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። እኔም ወደ ስድስት ኪሎ ስመለስ መቆሚያውን ከምን አለሽ ተራ ፈልጌ እንደምልክ ቃል ገባሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቁራጭ ብረት ለማግኘት ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል ትለኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ መቆሚያው ካጠረ ሞተሩ ከመጠን በላይ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ከረዘመ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንሽ ነፋስ ወይም የሕፃን እጅ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። ሞላው ሌላ ጣጣ ነው። መቆሚያው ሲታጠፍም ሲዘረጋም ሞላው የመታጠፊያውን ቡሎን መሐል አልፎ በሁለቱም ወገን መያዝ አለበት። በደንብ ካልያዘው በጉዞ ላይ ይወርድና ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት ነክሶ ነጂውን ይጥላል። ስለዚህ በካርቶን ላይ ልኩን ሥዬ፣ የቡሎኑን ቀዳዳ በክር ለክቼ ሄድኩ።

ምን አለሽ ተራን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የሚገዛን ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ የዛገ ምጣድ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ከተማችን «አልቋል» ብላ የጣለችው ሁሉ እዚያ «ገና ነው» ይባላል። ይህን ሳልናገር ወደ ወቀሳ ብሄድ በደለኛ እሆናለሁ፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይዘው የሚውሉትን ሰዎች ሌባ ብሎ በጅምላ መጥራት በየካፌው ተቀምጦ የሚነገር ርካሽ ወሬ ነው።

ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው አንድ ሰውዬ ከክምር ሥር መዝዞ አወጣልኝ። ካርቶኔ ላይ ሳስተኛው ቁርጥ እሱ ነው! ልኩ፣ ቀዳዳው፣ ሞላው ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ገልበጥ ሳደርገው ግን ከቴላዮው ጋር የሚያያዘው ጆሮ አብሮት ተቆርጦ መጥቷል። ቁርጡ ደግሞ ያበራል። ዙሪያው የዛገ ብረት፣ የመጋዙ ፊት ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ከየት መጣህ ብዬሃለሁ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሳቁ።

ምናልባት ባለቤቱ ራሱ አሮጌ ሞተሩን ቆራርጦ ሸጦት ይሆናል፤ ይህም በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ምናልባት ደግሞ አንድ ሰው ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ መሬት ላይ ተጋድሞ አግኝቶታል። እንደዚያ ከሆነ የዚያም ሰው ቤት ውስጥ እህት ልትኖር ትችላለች። ገንዘቡን በኪሴ ጨብጬ ቆምኩና የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ መሆኑ ያኔ ታየኝ። «ምን አለሽ?» ይባላል። «ከየት አመጣሽ?» የሚባል ተራ ግን በመርካቶ የለም።

ሳልገዛ ተመለስኩ። ዶርም ስደርስ ሕግ የሚያጠናው ጓደኛዬ ሣቀብኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1161 ጀምሮ በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ዕቃ የገዛን ሰው ይጠብቃል ብሎ አስረዳኝ፤ የተሰረቀ ዕቃ ግን የተለየ ደንብ አለው። ችግሬ እዚሁ ላይ ነው። ቅን ልቡና ማለት አለማወቅ ነው ወይስ ለማወቅ አለመፈለግ? ያንን የሚያበራ ቁርጥ አይቼ ጣቴን ብሸፍንበት ኖሮ ልቤ ቅን ይሆን ነበር?

ጓደኛዬ ቀጠለ። «አንተ ባትገዛው ሌላ ይገዛዋል። ባለቤቱ ዘንድ አይመለስም። እህትህ ብቻ ናት የምትጎዳው።» እውነቱን ነው፣ አይመለስም። ነገር ግን መጋዙ የሚንቀሳቀሰው እንደ እኔ ካርቶን ይዞ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። የትናንቱን ስርቆት መሻር አልችልም፤ የነገውን ማዘዝ ግን በእጄ ነው። ድሃ ገዢ ይህን ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ደግሞ፣ የሚሰረቀውም ድሃ መሆኑን አይርሳ።

በፍልስፍና ክፍል ስለ ቴሴዎስ መርከብ ተምረናል። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ከተለወጡ መርከቡ ያው ነውን? ቶማስ ሆብስ በ1655 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን አባሰው፤ የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራባቸውስ፣ የትኛው ነው እውነተኛው? ያን ጊዜ የነቃቃዩ ሳንቃዎች የት እንደሚሰበሰቡ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ይቻላል። ሆብስ ያልጠየቀው ግን ሳንቃውን ማን ነቀለው፣ ባለመርከቡ እያየ ነው ወይ የሚለውን ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ወደ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሄድኩ። ከቱቦ ቁራጭና ከፌሮ በየዳ አድርጎ፣ ከታች ላሜራ አስቀምጦ ሠራልኝ። ዋጋው ከዋናው በለጠ፤ የወር የሻይ ገንዘቤ ሄደ። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ሐሳብ ወጋኝ። ቱቦውስ ከየት መጣ? ፌሮውስ የማን ሕንፃ ነበር? በእሳት ያለፈ ብረት የሚያበራ ቁርጥ የለውም። ንጹሕ ነገር መረጥኩ ወይስ ምልክቱ የጠፋበትን? አንድ ልዩነት አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ያንኛውን እያየሁ ነበር፣ ይህኛውን አላየሁም። ይህ መልስ ጓደኛዬ ፊት የሚቆም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መቆሚያውን ላኩት። አያቴ በስልክ ሁለት ጣት አጠረ አሉኝ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገውለታል። እህቴ ድንጋዩን በነጭ ቀለም ቀብታ ማንም እንዳያነሣው ከልክላለች።