እንጉዳይ ብርሃንን ስለ ማወቁ

በሐዲያና በከምባታ አገር የክረምቱ ዝናም ሲበረታ፥ ማታ ባዶ የነበረ የበሰበሰ ግንድ ጧት እንጉዳይ ለብሶ ይገኛል። ያየውም ሰው በአንድ ሌሊት ተፈጠረ ይላል። አማርኛውም አንዳንዱን ወገን የጅብ ጥላ ብሎታል፤ ከሌሊትና ከጨለማ ወገን ስለ ቈጠረው ይመስላል። ስለዚህም በምሳሌ የሚያስተምር ሰው፥ ብርሃንን የሚጠላውን ክፉ ሲነቅፍ እንጉዳይን መጥራት ይቀናዋል። ይህ ምሳሌ እውነት ነውን? ሰሙ የተሳሳተ እንደሆነ ወርቁ እንደማይቆም ቅኔ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃልና፥ አስቀድሞ ሰሙን መመርመር ይገባል።

የሚታየው እንጉዳይ ፍሬው እንጂ ራሱ አይደለም። ራሱ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ሁኖ በእንጨቱ ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል፤ ሰው ሳያየው ሳምንታትን፥ አንዳንዱም ዓመታትን ይቈያል። ምግቡንም ከሞተው እንጨት ይወስዳል እንጂ በሆሳዕና ዙሪያ እንደሚበቅለው እንሰትና ስንዴ በፀሐይ ብርሃን ምግብ አያበጅም። እንዲህም ሲሆን ከእንጉዳዮች ብዙዎቹ ብርሃን ካልነካቸው ፍሬ አያወጡም፤ ቢያወጡም ጐደሎ ነው። ከብርሃን ምንም የማይመገብ ፍጥረት ብርሃንን ስለ ምን ይጠብቃል ቢሉ፥ ምልክቱ ስለ ሆነ ነው። ፍሬው ዘሩን ለነፋስ የሚሰጥ ነውና በእንጨት ውስጥ ቢከፈት ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ብርሃን ሲያገኘው ግን ከሜዳ ለመድረሱ ምልክት ይሆነዋል።

ዓይን ሳይኖረውስ በምን ይለየዋል? በክሩ ሕዋሳት ውስጥ ብርሃን ተቀባይ የሆነ ፕሮቲን አለ፤ እርሱም ከቫይታሚን ቢ 2 የሚሠራ ቅመም ይዟል። ሰማያዊው የብርሃን ወገን ሲያርፍበት ይለወጣል፤ መለወጡም ዝም ብለው የነበሩትን ጂኖች ለሥራ ያስነሣቸዋል። ሊቃውንት ይህን በግልጽ ያሳዩት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኒውሮስፖራ በሚባል ብርቱካንማ ሻጋታ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ አገር በሞተ እንጨት ላይ የሚበቅለውን ስኪዞፊለም የተባለ እንጉዳይ ወስደው ተቀባዩን አጠፉበት። ክሩ አደገ፥ ምግብም አልጐደለበትም፥ ብርሃንም በራለት፤ ፍሬ ግን አላወጣም። ከዚህም በላይ ብርቱ ብርሃን ይጐዳው ጀመር፤ ብርሃንን የሚለይለት ክፍል ከብርሃን የሚጠብቀውም ኑሯልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በፈረስ ፋንድያ ላይ የሚበቅለው፥ ስሙም በግሪክ ቋንቋ ቆብ ወርዋሪ ማለት የሆነው ፒሎቦለስ ነው። (ፋንድያ በጽሑፍ መካከል መግባቱን የሚነውር ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሥ።) ከራሱ በታች ያለው ውሃ የሞላበት ከረጢት እንደ መነጽር ብርሃንን ይሰበስባል፤ በዚያም አንገቱን ወደ ጧት ብርሃን አዙሮ ዘሩን እስከ 2 ሜትር ድረስ ይወረውራል። እንስሳ በፋንድያው አጠገብ ያለውን ሣር ይጸየፋልና፥ ወደ ብርሃን መወርወሩ ወደ ንጹሕ ሣር መወርወሩ ነው።

እንግዲህ ይህ ማወቅ ይባላልን? የሰው ነፍስ ሕያዊት፥ ነባቢት፥ ለባዊት ትባላለች። እንጉዳይ ከሦስቱ ያለው ሕይወት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የእርሱ ነገር መቀበልና መታዘዝ እንጂ ማስተዋል አይደለም የሚለው ፍርድ የቀና ነው። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ምሳሌውን ያፈርሰዋል። ብርሃንን አይቶ እንቢ ማለት የለባዊት ነፍስ ሥራ ነውና፥ እንጉዳይ ብርሃንን ሊጠላ አይችልም። በጨለማ መኖሩም ማደግ ነው እንጂ መሸሸግ አይደለም። መምህርም ደቀ መዝሙሩ ብዙ ዘመን ቅኔ ሳይቈጥር ዝም ቢል፥ ምግቡ ጐድሎበት፥ ወይም ምልክቱ ሳይደርሰው ቀርቶ፥ ወይም መቀበያው ተጐድቶ እንደሆነ ሳይመረምር እንቢተኛ ሊለው አይገባም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ኃጢአት አይባልም፤ ሁለቱ እንዲያውም የመምህሩ ዕዳ ናቸው።

ብርሃኑም ለሁሉ በአንድ ሚዛን የሚሰፈር አይደለም። በዓለም ገበያ በብዙ የሚሸጠው ክቡ ነጭ እንጉዳይ በጨለማ ቤት ያፈራል። በሆሳዕና ወይም በዱራሜ በስንዴ ገለባ ላይ ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ የሚያለማ ሰው ግን ያንን ቢከተል ይከስራል። ገለባው በክሩ እስኪነጣ ድረስ በጨለማ መቈየቱ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላም መስኮቱን ዘግቶ ቢተወው አገዳው ይረዝማል፥ ይቀጥናል፥ ቆቡ ግን እንደ ቍልፍ ትንሽ ሁኖ ይቀራል። ቁመቱን ያየ ሰው ሰብሉ የተቃና ይመስለዋል። ገለባው ሲነጣ መስኮቱን ለአየር ከፍቶ፥ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ደብዳቤ ሊነበብበት የሚበቃ ብርሃን ቢያስገባለት ቆቡ ይዘረጋል፤ ፀሐዩ ግን በቀጥታ ሊያርፍበት አይገባም፥ ያደርቀዋልና።