ሳያጣሩ ማመን፣ ሳያጣሩ ማማት



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ወጣቶች ሲሰባሰቡ የክሪፕቶ ወሬ አይጠፋም። በብዛት የሚያከራክረው የመሥራቾቹ ማንነት ነው። አንዱ «ሊቅ ነው፣ እመኑት» ይላል፤ ሌላው ያለ ማስረጃ «ሌባ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በግምት ነው።

እስቲ ሁለት ሰዎችን እንመልከት። ቢትኮይንን እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው ሳቶሺ ናካሞቶ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ አሠራሩ ግን የፈለገ ሁሉ እንዲመረምረው ክፍት ነው። የዋንኮይኗ ሩጃ ኢግናቶቫ ደግሞ ስሟም ፊቷም የታወቀ፣ ዶክትሬት ያላት፣ በ2016 ለንደን ዌምብሌይ ላይ በሺዎች የተጨበጨበላት ሴት ነበረች። በ2017 ተሰወረች። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የሰው ገንዘብ ተበላ። ስለዚህ ዝና ማስረጃ አይሆንም፤ አለመታወቅም ወንጀል አይደለም።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ ወሬን እንድናጣራ ያዘናል፤ 12ኛው ላይ ደግሞ ከክፉ ጥርጣሬና ከሐሜት ይከለክለናል። ሁለቱ አይጋጩም። የሰውን ነውር ማነፍነፍ ሌላ፣ የቀረበልንን ዕቃ መፈተሽ ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ባዩ ጊዜ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥቡን አገኙ፤ ባለቤቱንም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት።

እናቶቻችንም ስንዴ ሲገዙ እጃቸውን ከጆንያው ሳያስገቡ አይከፍሉም። እኛስ ወንድማችን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ሕይወቱን አስይዞ የላከውን ብር ምን ፈትሸን ነው የምናስገባው? ትርፉ ከየት ይመጣል? ከሥራ ነው ወይስ አዲስ ከሚገባው ሰው ኪስ? በፈለግነው ቀን ይወጣል? ሐላልነቱን ዑለሞችን ጠይቀናል? የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማስጠንቀቁንስ እናውቃለን?

አንድ ነገር አንርሳ። ኮሚሽን ለማግኘት የአጎታችንን ልጅ ስንጋብዝ እሱ መሥራቹን አያውቅም፤ የሚያምነው እኛን ነው። መሥራቹ ቢሰወር እኛ ግን መስጊድ በር ላይ እንገናኛለን። ከዚያም በላይ አላህ ፊት እንቆማለን። አማናው በእኛ አንገት ላይ ነው።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ ምላሳችንንም እጃችንንም ከሰው ሐቅ ይጠብቅልን። ኣሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ