ለጓደኛዬ ያቀመስኩት

በቅርቡ ከወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ አንድ ወንድም ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ «ጋሼ፣ ፒፓ ማጨስ ኃጢአት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የሲ. ኤስ. ሉዊስን መጻሕፍት ይወዳል፤ ሉዊስ ፒፓ ይዞ የተነሣውንም ፎቶግራፍ አይቷል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው፦ «ፒፓ ከአሜሪካ መጥቶልኛል፤ ለጓደኛዬም ላስሞክረው አስቤ ነው።»

ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። እኔ ራሴ በጊዜው ሳልጠይቅ ያለፍኩት ጥያቄ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር መጥቶ ሲመለስ የእንጨት ፒፓና ቫኒላ ቫኒላ የሚሸት ትምባሆ ትቶልኝ ሄደ። የዶርም ጓደኛዬን ጠራሁት። ትምባሆውን ከሥር ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አድርጎ መሙላትን፣ ክብሪቱን በላዩ ማዞርን፣ ጭሱን ሳይስቡ በአፍ ብቻ ይዞ መልቀቅን አሳየሁት። «ይሄ እንደ ሲጋራ አይደለም፤ የምሁራን ነው» አልኩት። ስለ ነፃ ፈቃድ እየተከራከርን ጥቂት ደስ የሚሉ ምሽቶች አሳለፍን። ትምባሆው ሲያልቅ እኔ ረሳሁት፤ እርሱ ግን አልረሳውም። ከግቢው በር ላይ ሲጋራ በፍሬ መግዛት ጀመረ። እስከ ዛሬም ያጨሳል።

ለትምባሆ የሚሟገቱ ታላላቅ አማኞች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1874 ለንደን ውስጥ አንድ እንግዳ ሰባኪ ትምባሆን ነቅፎ ሲያስተምር፣ ቻርልስ ስፐርጀን ከእርሱ ቀጥሎ ተነሥቶ እርሱ ሲጋር የሚያጨሰው ለእግዚአብሔር ክብር እንደሆነ ተናገረ። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ አነጋገረ። የስፐርጀን መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ እግዚአብሔር ባልከለከለው ነገር ላይ ሰው አዲስ ትእዛዝ መጨመር የለበትም ይላል። ሉዊስና ጓደኛው ቶልኪንም ኦክስፎርድ ውስጥ ከወዳጆቻቸው ጋር ሲሰበሰቡ ፒፓቸው አይለያቸውም ነበር።

እኛ ግን ያለነው በሌላ ዘመን ነው። ሉዊስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 1964፣ የአሜሪካ መንግሥት ስለ ማጨስና ስለ ጤና ያስጠናው ታላቅ ሪፖርት ወጣ። ሪፖርቱ ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር፣ ፒፓንም ከከንፈር ካንሰር ጋር አያይዞ አቀረበ። ጭሱ ወደ ሳንባ ባይገባ እንኳ ኒኮቲን በአፍ በኩል ወደ ደም እንደሚዘልቅ፣ ሱስም እንደሚያስይዝ ዛሬ እናውቃለን። «ሉዊስም ያጨስ ነበር» ብለን ልናመልጥ አንችልም።

ዳሩ ግን ጤናውን ለጊዜው እንተወው። ስፐርጀን የመለሰው «እኔ ላጭስ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ሌላውን ላስጀምር ወይ?» ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው የራሱን ድካም ቢያንስ በከፊል ያውቃል፤ የወንድሙን ግን አያውቅም። እኔ እንደማቆም የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ እርሱ እንደማያቆም ደግሞ ፈጽሞ አላሰብኩም። በዚያ ላይ ያቀረብኩለት ጭስ ብቻ አልነበረም፤ ጓደኝነቴን አብሬ አቀረብኩለት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሱቅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ አይችልም። ጓደኛ ግን ዕድሜም አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይቀበል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ እውቀት ያላቸውን ሰዎች እውቀታቸው ስሕተት ነው አላላቸውም። የጠየቃቸው፣ የእነርሱ ነፃነት ደካማውን ወንድም ምን ያደርገዋል የሚለውን ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ጓደኛን ቡና መጋበዝም ሊቀር ነው» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ቡናም ልማድ ይሆናል፤ ኳስም ከልክ ያልፋል። ሰውን ከማንኛውም ደስታ የሚጠብቅ ጓደኛ ጓደኛ ሳይሆን ዘበኛ ነው። እኔ የማቀርበው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ስለ ነገሩ የማውቀውን ክፉውንም ነግሬዋለሁ ወይ? ማቆም ቢያቅተው የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል ነው? ያን ቀን አብሬው እቆማለሁ ወይ? ቡናው እነዚህን ያልፋል። ፒፓው ግን በሁለተኛው ይወድቃል፤ ስልክ ላይ የስፖርት ውርርድ ማስጀመርም እንዲሁ። እኔማ በሦስቱም ወድቄያለሁ።

ከዓመታት በኋላ ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ «ያጨስኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእርሱ ምርጫ የእርሱ ነው። ክብሪቱን የጫርኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ይህን ሁሉ ለዚያ ወንድም ነገርኩት። «ታዲያ እነዚያ ምሽቶች መጥፎ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበሩም። ደስ ያሰኙን ቀስ ብሎ መቀመጡና ሰዓት ሳይቆጥሩ ማውራቱ ነበሩ። ለዚያ ደግሞ ፒፓ አያስፈልገንም ነበር።