ጆሮ ዳባ ልበስና የጎደሬ ቅጠል

«የሰው ወሬ አይነካኝም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የጎደሬ ቅጠል ትዝ ይለኛል። ዝናብ ሲዘንብ አይታችሁት ከሆነ፣ ጠብታው ቅጠሉ ላይ አይቀርም፤ ድቡልቡል ብሎ ይነጥራል፣ አቧራውንም ይዞ ይወርዳል። ቅጠሉ ይጸዳል እንጂ አይርስም።

ልሙጥ ስለሆነ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጀርመናውያኑ ባርትሎትና ናይንሁይስ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው ቅጠል በዓይን በማይታዩ ጉብታዎችና በሰም የተሸፈነ ነው። ጠብታው የጉብታዎቹን ጫፍ ብቻ ይነካል፤ ከበታቹ አየር አለ። ፈረንሳዊው ኬሬና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2002 ሲለኩ፣ ውሃ በሚገፋ ገጽ ላይ ጠብታው በዝግታም ይምጣ በኃይል፣ ነክቶ የሚቆየው ያው ነው፤ ለትንሽ ጠብታ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ።

የሚያስቀና ጠባይ ነው። ስድብን እንዲህ የሚያራግፍ ሰው ሰላም ያድራል። ችግሩ፣ ቅጠሉ ጠብታ አይመርጥም። ሐሜትም ምክርም፣ ስድብም የተበዳይ እሮሮም እኩል ይነጥራሉ። ታዲያ አለቃው ወይም አባወራው «አይነካኝም» ሲል ጥንካሬ ነው ወይስ ድንቁርና?

እኔ መልሱን የማገኘው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ጎደሬ ውሃ አይጠላም፤ እንዲያውም እርጥብ መሬት ይወዳል። ቅጠሉ የመለሰውን ውሃ አፈሩ ይቀበለዋል፣ ሥሩ ይጠጣዋል። የእኛም ክብር ስድቡን ይመልሰው፤ በስድቡ ውስጥ እውነት ካለ ግን ወደ ሥር ይውረድ። ላስቲክም እኮ ውሃ አያስገባም፤ ግን አይበቅልም።