ሰውነታችን ሲናገር እንስማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኛ የይፋግና የፎገራ ሜዳ ልጆች ስለ ንዳድ ከማንም መማር የሚያስፈልገን አይመስለንም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አልብሰው ከጎደሉ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ፣ በየቤቱ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው እያየን አድገናልና። ነገር ግን በሽታን ማየት አንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰውነት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ በጉባኤያችን ደጋግመው ከሚነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ይዘን፣ ፈጣሪ ያበጀውን ይህን አካል ጥቂት እንመልከት።

አንደኛው ጥያቄ፦ ገላው እንደ ምጣድ የጋለ ሰው ስለ ምን ይበርደዋል? በአንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ክፍል አለ። በጤና ጊዜ ሙቀቱን ከ37 ዲግሪ እምብዛም ሳያርቅ ይይዘዋል። ተውሳክ ወደ ደም ሲገባ ግን ሙቀቱ ወደ 39 ወይም ወደ 40 ከፍ እንዲል ያዝዛል። ትእዛዙ እስኪፈጸም ድረስ ሰውነት እንደ በረደው ይቆጥራል፤ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጡንቻዎችም ሙቀት ለማምረት ይንቀጠቀጣሉ። ትእዛዙ ሲነሣ ደግሞ ላብ ይወርዳል፤ ገላም ይበርዳል። እንግዲህ ትኩሳት ደወል ነው። ጠላት መግባቱን ይነግረናል፤ የገባው ማን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ጣፊያ ለምን ያብጣል? ጣፊያ በግራ ጎናችን፣ ከጎድን አጥንት በታች ተሸሽጎ ደምን ያጣራል። ቀይ የደም ሴል በመቅኔ ውስጥ ተወልዶ ወደ 120 ቀን ያህል ያገለግላል፤ ያረጀውንና የተበላሸውን ለይቶ ከሚያስወግዱት አንዱ ጣፊያ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኝ ንክሻ ገብቶ አስቀድሞ በጉበት ይራባል፤ ከዚያም ወደ ቀይ ሴሎች ገብቶ ያፈነዳቸዋል። በዚህ ጊዜ ጣፊያ ሥራ ይበዛበትና ያብጣል።

ካላዛር ደግሞ የባሰ ተንኰል አለው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ገብቶ፣ ሊውጡት በተላኩት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተቀምጦ ይራባል። ዘበኛው ራሱ የሌባ ማደሪያ ሆነ ማለት ነው። ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፤ መቅኔው ስለሚጠቃ ደም ያንሳል፤ ሰውየው እየከሳ ይሄዳል፤ ትኩሳቱም ለሳምንታት አይለቅም። ካልታከመ መጨረሻው ሞት ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። ደወሉ አንድ ነበረ፤ ጠላቱ ግን ሌላ ነበረ።

ስለዚህ ያተኮሰው ሁሉ ደሙን ይመርመር፤ ጎረቤት ያስተረፈውን ክኒን ውጦ አይተኛ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና ጎኑ ካበጠ ደግሞ ስለ ካላዛር ይጠይቅ። ያበጠን ጣፊያ በምላጭ መብጣት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ቁስል ይጨምራል እንጂ ውስጥ ያለውን ተውሳክ አይነካውም። ያበጠ ጣፊያ በምት ሊፈነዳ ስለሚችልም፣ እንዲህ ያለ ልጅ እስኪድን ድረስ ከትግልና ከኳስ ይከልከል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፦ ጸበል እየጠጣን መድኃኒት ብንወስድ እምነት ማጉደል አይሆንብንምን? እስቲ ንጉሥ ሕዝቅያስን እናስበው። ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰም፤ እግዚአብሔርም ሰማው። ያንን የምሥራች ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ መድኃኒቱም አልቀረም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምረናል። በእኛም ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤድስ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ለምእመናን አስረድተዋል። ታዲያ ጸበሉን የባረከውና ለሐኪሙ ጥበብን የሰጠው አንድ አምላክ ከሆነ፣ እኛ ስለ ምን እናጣላቸዋለን?

ወንድሞችና እህቶች! ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወንድም ወር ሙሉ እያተኮሰው ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ስናይ፣ «እግዜር ይማርህ» ብለን ብቻ አንለፍ። አንዳችን ጸበሉን እንቅዳለት፤ አንዳችን ደግሞ እጁን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። አቅም ቢያጣ በቅሎ እንለምንለት፤ የመኪናውንም ዋጋ ከመካከላችን እናዋጣ። ጸሎታችን እግር የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።