ለማን ነው የተሻለው?

«አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?» የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ሲነሣ ወዲያው ጎራ እንለያለን። አንዱ «ድሮ ቀረ!» ይላል፤ ሌላው «አቦ ተወን፣ ዘመኑ ተለውጧል» ብሎ ይመልሳል። እኔ እስካለፈው ክረምት ድረስ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ። ዛሬም ወደ መጀመሪያው አልዞርኩም። ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ መሆኑን ግን ተረድቻለሁ። እንዴት ብትሉኝ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

አጎቴ የሚኖረው ቡራዩ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የነዳት አንዲት ቮልስዋገን አለችው፤ ያቺ ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠው፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ያበቃው ዓይነት። የአጎቴ ልጅ ደግሞ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታለች። እንደምታውቁት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ስለዚህ የአሮጌዋ ወራሽ ይኸው ነው። «እስቲ ሁለቱንም ንዳና ፍረድ» አሉኝ። ፈራጅ መሆን ደስ ይላል። ቅዳሜ አሮጌዋን፣ እሑድ አዲሱን ይዤ በአንድ መንገድ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከቡራዩ በአስኮ አድርጌ አዲሱ ገበያ ደረስኩና የእንጦጦን ትከሻ ይዞ ወደ ሱሉልታ የሚሻገረውን ዳገት ጀመርኩ። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ እንጂ ውሃ አይደለም። ዳገቱ ሲጠና ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ነዳጅ ያለ አየር አይነድም፤ አየሩ ደግሞ ሽቅብ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ሩቡ ያህል ሄደ ማለት ነው። እናም ታቃስታለች። እግሬ ፍሪሲዮን ላይ፣ እጄ ማርሽ ላይ፣ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ሆኖ፣ ዳገቱን በእግሬ የወጣሁት ይመስል አላበኝ። ያን ቀን ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ ገና ከመታጠፊያው ሳልደርስ መንገደኛው ሁሉ ዳር ዳሩን ይይዛል። ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ዞር ብለው ሳያዩ ወደ ጠርዙ ጠጋ ይላሉ፤ አህያ የሚነዳው ልጅ አህዮቹን ይሰበስባል። መምጣቴን ሞተሩ ቀድሞ ይነግርልኛል።

እሑድ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያነደው ነገር ስለሌለ አየር ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም፤ ጉልበቱንም ገና ከመነሻው ይሰጣል። እግሬን ጫን ባደርገው ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ! ቁልቁለቱን ስመለስ ደግሞ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር መኪናው ራሱን እየገታ የቁልቁለቱን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጭስ የለውም። ኤሌክትሪካችንም ቢሆን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ አስቡ። የሚያናድደኝ መንገደኛው ብቻ ነበር። አጠገቡ እስክደርስ አይነቃነቅም፤ ክላክስ ሳሰማ ደግሞ ይደነብራል። «ዛሬ ምን ሆነዋል?» አልኩ። አዎ፣ እነሱን ነበር የወቀስኩት።

ሌላም ትንሽ ነገር ከነከነችኝ። ቀስ ብሎ ሲሄድ መኪናው «ዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ያን የመሰለ ጸጥታ ምን ያበላሸዋል ብዬ ማጥፊያ ቁልፉን ፈለግሁ፤ አገኘሁትና አጠፋሁት። ከዚያ በአየር ጤናና በአለም ገና በኩል ወደ ሰበታ ነዳሁ።

ሰበታ ገብቼ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፍኩ። ነጭ በትር የያዘ አንድ ወጣት መንገድ ሊሻገር ከዳር ቆሟል። በግራ አዳመጠ፤ በቀኝ አዳመጠ። መንገዱ ባዶ መሆኑን ጆሮው ነገረውና ገባ። ፍሬኑን ረገጥኩት። በትሩ ኮፈኑን ነካ፤ ቀጥሎም እጁ። «እንዴ! መኪና ነው እንዴ?» አለ። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔ እኮ አዳምጫለሁ» አለኝ፤ ተቆጥቶ አይደለም፣ እንደ ተከሳሽ ራሱን ሲከላከል ነው። አጥፊው እኔ፣ የሚያስረዳው እሱ! እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ቁልፉን ስጫን አውቅ ነበር። ያ «ዝዝዝ» ለጌጥ የተበጀ አለመሆኑን ግን ያነበብኩት በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ዓይነት፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ማናቸውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ድምፅ እንዲያሰማ በሕግ አዟል። ከዚያ በላይ ሲፈጥን የጎማው ድምፅ ራሱ ይሰማል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ቮልስዋገኗ ደግ ነበረች ልበል? የለም! የጮኸችው ለዓይነ ስውሩ አስባ አይደለም፤ ጩኸቷ ጉድለቷ ነው። ጭሷንም የሚምጉት እነዚያው ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ናቸው። ስለዚህ «ድሮ ቀረ» ባዩም የሚፈርደው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው። እኔም ሁለቱን የመዘንኳቸው በራሴ ጀርባ፣ በራሴ እግር፣ በራሴ ጆሮ ነበር። ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ሸገር ከተማ» በሚል ስም ቢጠቃለሉም በመንገዳቸው ላይ ዛሬም ብዙ እግረኛ አለ። እሱን ማን ጠየቀው?

«መሐንዲሱ ድምፁን አበጅቷል፤ ታዲያ ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። ቁልፉን የሚጫነው ጣት ቀረ እንጂ! ነገሩን ከቤታችን ልውሰደው። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ ጎረቤት ይሰማል፤ ማንም ሳይጠራው «ቡና ደርሷል» ብሎ ይመጣል። የተፈጨ ቡና ከሱቅ የገዛ ሰው ድካም ቀርቶለታል፤ ጎረቤቱን ከፈለገ ግን ተነሥቶ በር ማንኳኳት አለበት። ሙቀጫው ይጠራለት የነበረውን አሁን እሱ ይጠራል፤ ያለዚያ ብቻውን ይጠጣል። መኪናውም እንዲሁ ነው። አሮጌው ነገር በጉድለቱ፣ ሳያውቀው፣ ለሌላው ሰው ይሠራው የነበረ ሥራ አለ። ጉድለቱ ሲቀር ሥራው አይቀርም፤ ወደ ሰውየው ሕሊና ይዛወራል። አዲሱን የተቀበለ ይህንንም ዕዳ አብሮ ተቀብሏል።

ከሰበታ ስመለስ ቁልፉን መልሼ አበራሁት። ማታ አጎቴ «እህ፣ የቱ ይሻላል?» አለኝ። «አዲሱ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። አልዋሸሁም። ነገር ግን ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ሹም የምንሆን እኛ «ይሻላል» ከማለታችን በፊት፣ ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ እናስብ። እሱ የሚጠበቅበትን አድርጓል፤ አዳምጧል። የቀረው የእኛ ፋንታ ነው።