ሱቅ ለተቃጠለበት ሰው ለቅሶ እንድረስ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሳ። ሱቆቹ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያውም ጠባብ ስለነበር የእሳት አደጋ መኪኖች እንደልብ መግባት አቃታቸው። ስንቱ የለፋበት ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ።

በማግስቱ በየታክሲው የሰማሁት ወሬ ግን «መርካቶ ተቃጥሎ አለቀ» የሚል ነበር። የተቃጠለው ሸማ ተራ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ስንት ተራና ስንት በረንዳ ያለው ገበያ ነው! እንዲህ ያለውን ወሬ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ገዢ ሲሰማ ጉዞውን ያዘገያል። ዱቤ የሚሰጠው ጅምላ አከፋፋይም እጁን ይሰበስባል። ነጋዴው ከእሳቱ ያተረፈውን ሸጦ ዕዳውን እንዳይከፍል፣ ዕቁቡንም እንዳይጥል የሚያደርገው ይኼ ነው።

ከእሳቱ በኋላ አንዲት ነጠላ ሻጭ ዘንድ ቆሜ ነበር። ገዢዋ ነጠላውን ዘርግታ «ከእሳቱ የተረፈ ነው እንዴ?» አለቻት። ሻጭዋ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችላት፤ «አሽትቺው፣ የኔ እናት፤ ከመጋዘን የወጣ ነው።» ሴትዮዋ አሸተተች። ምንም ሽታ የለውም አለች። ግን ሳትገዛ ሄደች።

በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ «ዕቃ ሊወረስ ነው» ተባለና ብዙ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የከተማው ገቢዎች ቢሮ ወሬው ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። ነጋዴው በወቅቱ በደረሰኝ ጉዳይ ያነሳው ቅሬታ ራሱን ችሎ መደመጥ ያለበት ነው፤ ሳይጣራ የተናፈሰ ወሬ ግን ለዚያ ቅሬታም አይረዳውም።

ጃፓኖች ወሬ የሚያደርሰውን ኪሳራ የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ «ፉህዮ ሂጋይ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሱናሚና የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በደረሰባት ፉኩሺማ ከ2012 ምርት ጀምሮ የሩዝ ከረጢት አንድ በአንድ ለጨረር ይመረመር ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው የፉኩሺማን ምርት ሲሸሽ ቆይቷል። የአካባቢው ሰው የሚለምነው መጥታችሁ እዩን፣ እደሩ፣ ብሉ፣ ግዙ ብሎ ነው።

እኛ ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት እንጀራና ወጥ ይዘን እንሄዳለን፤ ሱቅ ሲቃጠል ግን ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን። ይህ ለእኛ ነውር ነው። ሂዱና «እግዜር ይተካ»፣ «አላህ ይተካ» በሉ፤ ከዚያ ግዙ። ተቃጥሎበታል ብላችሁ ዋጋ አታስቀንሱ፤ በተጎዳ ሰው ላይ ማትረፍ ነውና። ወሬ ይዞ የመጣባችሁንም «በዓይንህ አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካላየ ከእናንተ እንዳያልፍ።

ሸማ ተራ ደንበኛ የነበራችሁ፣ ለመጪው በዓል ልብስ ስታስቡ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የድሮ ነጋዴያችሁን ፈልጉ። ስልኩ ካላችሁ ደውሉና አሁን የት እንደሚሸጥ ጠይቁት።